ቁጥር 37 የት ገባ? የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ ሲተረጎም

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከቁጥር 26 እስከ 40 ያለው ታሪክ አሥራ አምስት ቁጥር ነው። እንደያዙት መጽሐፍ ቅዱስ ግን አሥራ አራት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ፊልጶስ በምድረ በዳ መንገድ ላይ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ አግኝቶ መጽሐፍ ሲፈታለትና ሲያጠምቀው የሚተርከውን ይህን ክፍል ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው፣ የምናውቀው እየመሰለን በጥድፊያ እናልፈዋለን። ከግሪኩ ጋር እያስተያየ ለሚያነብ ሰው ግን በየቁጥሩ የሚያስቆም ነገር አለበት፤ ሁለት ፍቺ የሚቀበል ቃል፣ ስም የመሰለ ማዕረግ፣ ቦታ የተለዋወጡ በግና ጠቦት፣ በአንዱ መጽሐፍ ኖሮ በሌላው የታጣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር።

እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄዎች አይደሉም። አንዳንዱ የቃል ፍቺ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ያለው በመዝገበ ቃላትና በሰዋስው ነው። አንዳንዱ የታሪክና የመልክዓ ምድር ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጥንታውያን ቅጂዎች እርስ በርሳቸው ስለተለያዩ የሚነሣ ነው፤ እርሱን የሚፈታው ብራናዎቹን መርምሮ ማመዛዘን ብቻ ነው። ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሣው የአንዱን ጥያቄ በሌላው መሣሪያ ለመፍታት ስለሚሞከር ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። በ1954 ዓ.ም. በታተመው አማርኛ መልአኩ ፊልጶስን «ተነሥተህ በደቡብ በኩል ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ ወደሚያወርደው ምድረ በዳ ወደ ሆነው መንገድ ሂድ» ይለዋል። «በደቡብ በኩል» የተባለው በግሪኩ «ካታ መሴምብርያን» ነው። መሴምብርያ ሲተነተን «የቀን እኩሌታ» ማለት ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ለሚኖር ሰው ፀሐይ ቀትር ላይ የምትታየው በደቡብ በኩል ስለሆነ፣ ያው ቃል ለአቅጣጫም ያገለግላል። እንግዲህ መልአኩ ያለው «ወደ ደቡብ ሂድ» ነው ወይስ «በቀትር ሂድ»? ሰዋስው ሁለቱንም አይከለክልም። ጋዛ ከኢየሩሳሌም በደቡብ ምዕራብ ስለምትገኝ አቅጣጫው ይስማማል። በሌላ በኩል ሉቃስ በዚሁ መጽሐፍ ምዕራፍ 22 ቁጥር 6 ላይ፣ ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ ብርሃኑን ያየበትን ሰዓት ሲጠቅስ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው፤ እዚያ ቀትር መሆኑን የሚጠራጠር የለም። በዚያ ፍቺ ከሄድን ትእዛዙ እንግዳ ይሆናል፤ በጠራራ ፀሐይ ባዶ መንገድ ላይ ማን ይገኛል ተብሎ? ፊልጶስ ግን ሳይጠይቅ ተነሥቶ ሄደ። ለስብከት የሚጥመው ይኸኛው ነው። እኔ ግን ወደ ደቡቡ አዘነብላለሁ፤ መንገድ የሚያመለክት ሰው አስቀድሞ የሚናገረው አቅጣጫ ነውና።

በዚያው ዓረፍተ ነገር «ምድረ በዳ» የተባለውም ማንን እንደሚገልጽ አይታወቅም። ግሪኩ «ይህች ምድረ በዳ ናት» ይላል። መንገድም ጋዛም በግሪክ በሴት አንቀጽ ስለሚጠሩ «ይህች» ለሁለቱም ትሆናለች። የአማርኛው ተርጓሚ መንገዱን መርጧል። ከተማዋን የሚመርጡትም ቢሆኑ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የአይሁድ ንጉሥ እስክንድር ያንኔዎስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ96 ገደማ ጋዛን አፍርሷት ነበር፤ የመልክዓ ምድር ጸሐፊው ስትራቦንም ባድማ ሆና ስለመቅረቷ ጽፏል። ይባስ ብሎ ጥንታዊው ግሪክ የትእምርተ ጥቅስ ምልክት ስለሌለው፣ ንግግሩ የመልአኩ ይሁን ወይም ሉቃስ ለአንባቢው ጣል ያደረገው ማብራሪያ ይሁን ከጽሑፉ ብቻ አይለይም።

የአንድምታ መምህራን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው አይጨነቁም። አንዱን ፍቺ ተናግረው «አንድም» ይሉና ሁለተኛውን ያስከትላሉ፤ ሦስተኛም ካለ ይጨምራሉ። ይህ መንገድ የሚቻለው ንባቡ በግእዝ ተቀምጦ ትርጓሜው ከሥሩ ስለሚሄድ ነው። መጽሐፉን ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልሰው ተርጓሚ ግን ይህ ዕድል የለውም። በገጹ ላይ አንዱን መጻፍ አለበት፤ ሌላው ወይ ወደ ግርጌ ማስታወሻ ይወርዳል፣ ወይ ጨርሶ ይጠፋል።

ቁጥር 27 ለእኛ ስሜት የቀረበ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። «ህንደኬ የተባለች የኢትዮጵያ ንግሥት አዛዥና ጃንደረባ የነበረ» ይላል አማርኛው። ግሪኩ «የተባለች» የሚል ቃል የለውም፤ «የኢትዮጵያውያን ንግሥት የካንዳኬ» ብሎ ያልፋል። ካንዳኬ ደግሞ የአንዲት ሴት ስም አልነበረም። ዛሬ በሱዳን፣ ከካርቱም በስተ ሰሜን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዓባይ ዳር የሚገኘው መርዌ የኩሽ መንግሥት መናገሻ በነበረበት ዘመን፣ በሥልጣን ላይ ያሉ ንግሥቶች የሚጠሩበት ማዕረግ ነበር። አማኒሬናስ፣ አማኒሻኬቶና አማኒቶሬ የተባሉ ንግሥቶች ይህን ማዕረግ ይዘው በጽሑፍ ተገኝተዋል። በአውግስጦስ ዘመን ከሮማውያን ጋር የተዋጋችውን አንድ ዓይና ካንዳኬ ስትራቦን ይጠቅሳታል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ደግሞ ይህ ስያሜ ከንግሥት ወደ ንግሥት ለብዙ ዓመታት ሲተላለፍ እንደኖረ ጽፏል። እንግዲህ ጥያቄው የመዝገበ ቃላት ሳይሆን የታሪክ ነው፤ መልሱም የመጣው ከመጽሐፉ ውጭ፣ ከድንጋይ ጽሑፍና ከዘመኑ ጸሐፍት ነው። ሉቃስ ራሱ ስም መስሎት ይሁን ማዕረግ መሆኑን አውቆ አናውቅም፤ አጻጻፉ ሁለቱንም ይፈቅዳል። «የተባለች» የምትለው የአማርኛ ጭማሪ ግን ነገሩን ወደ ስም ጎትታዋለች።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ኢትዮጵያ አይደለችም፤ ሱዳን ናት» የሚል አለ። የሚቆጣም አለ። ሁለቱም ቸኩለዋል። አይትዮፕያ የሚለው የግሪክ ስያሜ ከግብፅ በስተ ደቡብ ላለው የጥቁር ሕዝብ አገር የተሰጠ ሰፊ ስም ነበር፤ የዕብራይስጡን «ኩሽ» የግሪክ ተርጓሚዎች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ስም መልሰውታል። በሉቃስ ዘመን ካንዳኬ የነገሠችበት አገር መርዌ መሆኑ አያከራክርም። ስሙ ግን በአንድ ቦታ ተተክሎ አልቀረም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በድንጋይ ላይ ያስቀረጸውን የግሪክ ጽሑፍ እንይ። ንጉሡ የሚገዛቸውን ሕዝቦች ሲዘረዝር «አይትዮፔስ» የሚል ስም ያነሣል፤ በዚያው ጽሑፍ የሴማዊው ቋንቋ ክፍል በዚህ ስም ፈንታ የተቀመጠው «ሐበሠት» ነው። በዝርዝሩ መጨረሻ ደግሞ «ካሱ» ለብቻው ተጠቅሷል፤ ይህም ኩሽ ነው። ማለትም በዒዛና ጸሐፊ ዘንድ ኢትዮጵያውያንና የኩሽ ሰዎች ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች ሆነዋል፤ የመጀመሪያው ስም ወደ እኛ መጥቷል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ግእዝ የመለሱ ሰዎች «ኢትዮጵያ» ብለው ሲጽፉ የራሳቸው ነገሥታት የተጠቀሙበትን ስም ነው የጻፉት። ስለዚህ የመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ጃንደረባ የመርዌ ሰው መሆኑና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪኩን የራሷ አድርጋ መቀበሏ አይጣሉም፤ በመካከላቸው ሦስት መቶ ዓመት ያህልና አንድ የተሻገረ ስም አለ። አውሳብዮስም በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይህን ሰው አንሥቶ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው መዝሙር በእርሱ ተፈጸመ ይላል። በትውፊታችን ባኮስ የሚባለው የጃንደረባው ስም ግን በሉቃስ ጽሑፍ ውስጥ የለም።

«ጃንደረባ» የሚለውስ? የግሪኩ «ኤውኑኮስ» የተሰለበ ሰው ማለት ነው፤ ነገር ግን ለቤተ መንግሥት ሹምም ይነገር ነበር። የዮሴፍ ጌታ ጲጥፋራ በዘፍጥረት 39 በግሪኩም በአማርኛውም ጃንደረባ ተብሏል፤ ሚስት እንደነበረችው ደግሞ ከታሪኩ ሁሉ የምናስታውሰው ነገር ነው። ታዲያ ይኸኛው ጃንደረባ ሹም ብቻ ነው ወይስ በእርግጥ የተሰለበ? እዚህ ላይ የሉቃስ አጻጻፍ ራሱ ይረዳናል። «ኤውኑኮስ» ካለ በኋላ «ዱናስቴስ» ብሎ ይጨምራል፤ ይህም ባለ ሥልጣን ማለት ነው፤ አማርኛው «አዛዥ» ብሎታል። የመጀመሪያው ቃል ሹመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ምን ያደርጋል? ከዚያም በኋላ ሉቃስ ሰውዬውን በሹመቱ አይጠራውም፤ እስከ መጨረሻው «ጃንደረባው» ይለዋል። የተሰለበ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ዘዳግም 23 ይከለክላል። ወደ ኢየሩሳሌም ለመስገድ ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው በደጅ ቆሞ ሊመለስ ይችል ነበር ማለት ነው። «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው ይኸው ነው።

በቁጥር 30 ፊልጶስ ጃንደረባው ሲያነብ «ሰማው» መባሉ ዛሬ ሊያስገርም ይችላል። በዘመኑ ሰው ብቻውን ሲያነብም ብዙውን ጊዜ ድምፁን አሰምቶ ያነብ ነበር፤ በግእዝ ንባብ ቤት ያለፈ ሰው ይህ አይደንቀውም። የፊልጶስ ጥያቄም በግሪኩ ቃላቱ ይጫወታሉ፤ «ጊኖስኬይስ» ታውቃለህን፣ «አናጊኖስኬይስ» የምታነበውን። ይህ ጨዋታ በአማርኛ አልተረፈም፤ ሊተርፍም አይችልም።

አሁን መጽሐፍ ቅዱስዎን ይክፈቱና ኢሳይያስ 53 ቁጥር 7ን ከሐዋርያት ሥራ 8 ቁጥር 32 ጎን ያስቀምጡ። ሁለቱም በ1954ቱ አማርኛ ይሁኑ። በኢሳይያስ «ለመታረድ እንደሚነዳ ጠቦት፥ በሸላቾቹም ፊት ዝም እንደሚል በግ» ይላል። ጃንደረባው ሲያነብ ግን «እንደ በግ ወደ መታረድ ተነዳ፥ የበግ ጠቦትም በሸላቹ ፊት ዝም እንደሚል» ሆኗል። ወደ መታረድ የሄደው እዚያ ጠቦት፣ እዚህ በግ ነው። ሸላቾቹም ከብዙ ወደ አንድ ተለውጠዋል። ስሕተት አይደለም። የ1954ቱ ተርጓሚ ኢሳይያስን ከዕብራይስጥ ተከትሏል፤ ሉቃስ የጠቀሰው ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተዘጋጀውንና የሰብዓ ሊቃናት የሚባለውን የግሪክ ትርጉም ነው። በጉና ጠቦቱ ቦታ የተለዋወጡት፣ ሸላቾቹም አንድ የሆኑት በዚያ ትርጉም ውስጥ ነው። የአማርኛው ተርጓሚ ሁለቱን ቦታዎች በጉልበት ለማስማማት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። «ሸላቹ» የሚለውን ነጠላ ቁጥር እንኳ ሳይለቅ እያንዳንዱን በየምንጩ አስቀምጦታል። በዚህ ትርጉም ላይ የአማርኛው ዓረፍተ ነገር ይከብዳል ብለው የሚያማርሩ ብዙዎች ናቸው፤ ልክም ናቸው። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ግን ሊመሰገን ይገባል። የግእዙ ብሉይ ኪዳን በመሠረቱ ከግሪኩ የተተረጎመ ስለሆነ የግእዝ አንባቢ ይህ ልዩነት አያጋጥመውም።

ቁጥር 33 ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ዕብራይስጡን የተከተለው ኢሳይያስ «በማስጨነቅና በፍርድ ተወሰደ» ሲል፣ ሐዋርያት ሥራ «በውርደቱ ፍርዱ ተወገደ» ይላል። ፍርዱ ተወገደ ምን ማለት ነው? ፍትሕ ተነፈገ ማለት ሊሆን ይችላል፤ የተፈረደበት ፍርድ ተነሣለት ማለትም ሊሆን ይችላል። አንዱ የመከራ፣ አንዱ የትንሣኤ ንባብ ነው። «ትውልዱንስ ማን ይናገራል?» የሚለውንም ከቀደሙት አባቶች ብዙዎቹ የማይነገር መለኮታዊ ልደቱን የሚያሳይ አድርገው ተርጉመውታል፤ በዘመናችን ያሉ ተርጓሚዎች ግን ዘሩን ወይም የዘመኑን ሰዎች ያስባሉ። እኔን የሚይዘኝ አንባቢው ማን መሆኑ ነው። ልጅ መውለድ የማይችል ሰው ተቀምጦ «ትውልዱንስ ማን ይናገራል?» የሚለውን ቃል ድምፁን አሰምቶ ሲያነብ፣ ቀጥሎም «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው የምሁር ጥያቄ ብቻ አይመስለኝም። ያው ጥቅልል ጥቂት ወደ ፊት ቢገለጥ ምዕራፍ 56 ላይ ለጃንደረቦች ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጣቸው ይናገራል። ሉቃስ ያን ቦታ አልጠቀሰውም፤ ስለዚህ አስቦት ነበር ብዬ አልምልም።

ወደ ቁጥር 37 ደረስን። በ1954ቱ አማርኛ ጃንደረባው እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው ብሎ ከጠየቀ በኋላ ፊልጶስ በፍጹም ልብህ ብታምን ተፈቅዷል ይለዋል፤ እርሱም ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደሆነ አምናለሁ ብሎ ይመልሳል። በብዙ አዳዲስ ትርጉሞች ይህ ንግግር ከገጹ ወጥቶ በግርጌ ማስታወሻ ይገኛል፤ ቁጥሩም ከ36 ወደ 38 ይዘላል። በስልኩ ላይ ሁለት ትርጉም ጭኖ የሚያስተያይ ሰው ይህን ሲያይ «ቆርጠው አወጡት» ይላል፤ ቁጣውም ይገባኛል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የቁጥሮቹ አቆጣጠር የሐዋርያት አይደለም። በአዲስ ኪዳን ላይ ዛሬ የምናውቃቸውን ቁጥሮች የሰጠው ፈረንሳዊው አታሚ ሮበርት ኤስቲየን ነው፤ ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1551 ነበር። በእጁ የነበረው የግሪክ ኅትመት ይህን ንግግር የያዘ ስለነበር 37 ብሎ ቆጠረው። ኋላ ንግግሩ በጥንታውያኑ ቅጂዎች እንደሌለ ሲታወቅ ቁጥሩ ባዶውን ቀረ። የሌለው ነገር በክፍተት የሚታየው ቁጥር ስለቀደመው ብቻ ነው።

ጥንታውያኑ ቅጂዎች የምንላቸው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉት የሲናና የቫቲካን ብራናዎች፣ እንዲሁም ከእነርሱ ቀጥሎ የሚመጣው የእስክንድርያው ብራና ናቸው፤ በሦስቱም ቁጥር 37 የለም። ንግግሩን የያዘ የመጀመሪያው የሚታወቅ የግሪክ ብራና የስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ታዲያ ከስድስተኛው መቶ በኋላ የተፈጠረ ነው? አይደለም። የሊዮኑ ጳጳስ ሄሬኔዎስ እ.ኤ.አ. በ180 ገደማ የጃንደረባውን የእምነት ቃል ይጠቅሰዋል። ስለዚህ ንግግሩ ከብራናዎቹ ይልቅ ያረጀ ነው፤ ያም ሆኖ በዋናዎቹ ብራናዎች አልገባም። ወደ ታተመው የግሪክ አዲስ ኪዳን ያስገባው የሆላንዱ ሊቅ ኢራስመስ ነው። እርሱ በዋናነት በተጠቀመበት ቅጂ ውስጥ አልነበረም፤ በሌላ ቅጂ ኅዳግ (የገጽ ዳር) ላይ አገኘውና ገልባጮች በቸልተኝነት ዘለውት ይሆናል ብሎ እ.ኤ.አ. በ1516 ኅትመቱ አስገባው።

በኢራስመስ ግምት እና «ኋላ የተጨመረ ነው» በሚለው በዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ግምት መካከል የሚዳኘው አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ የትኛው ቢቀድም ሌላው እንዴት እንደመጣ ይገባናል? ጥያቄና መልሱ ቀድሞ ከነበረ፣ እምነትን ከጥምቀት በፊት የሚያስመሰክር እንዲህ ያለ የሚወደድ ንግግር ገልባጮች በየአገሩ ለምን ያወጡታል? በሌላ በኩል «የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ሰረገላው ሲቆምና ጥምቀቱ ሲፈጸም፣ በእርሱ ዘመን ተጠማቂ ሁሉ እምነቱን ሲመሰክር የሚያይ ገልባጭ መልሱን በኅዳግ ላይ ቢጽፍ አይደንቅም። ከኅዳግ ወደ ንባብ መግባት ደግሞ ለብራና የተለመደ ነገር ነው። ሚዛኑ ጭማሪ ነው ወደሚለው ያጋድላል ብዬ አምናለሁ። በአንድምታ መጻሕፍትም ሊቃውንቱ የተለያየ ንባብ ሲገጥማቸው «አብነት» ብለው ሌላኛውን ንባብ ያስቀምጣሉ፤ ልዩነትን መመዝገብ በእኛም ዘንድ የተለመደ ነው።

ቁጥር 38 ላይ ብዙ አልቆይም። «ሁለቱ ወደ ውኃ ወረዱ» ስለሚል ጥምቀት በመጥለቅ ብቻ መሆኑ ተረጋገጠ የሚሉ አሉ። የተጠመቀው አንዱ ነው፤ የወረዱት ግን ሁለቱም ናቸው። «ወደ ውኃ ወረደ» የሚለው ቃል መጥለቅን የሚያስረዳ ከሆነ ፊልጶስም ጠልቋል ማለት ነው። ስለ አጠማመቅ የሚከራከር ሰው ሌላ ማስረጃ ይፈልግ።

በቁጥር 39 ግን ሚዛኑ እንደ ቁጥር 37 አይቀልም። የምናውቀው ንባብ «የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው» የሚል ነው። በእስክንድርያው ብራና ላይ የተጨመረ እርማትና ሌሎች ጥቂት ምስክሮች ግን «መንፈስ ቅዱስ በጃንደረባው ላይ ወረደ፤ የጌታ መልአክም ፊልጶስን ነጠቀው» ይላሉ። በአንድ በኩል ካየነው፣ ጥምቀት መንፈስ ቅዱስን ሊያስከትል ይገባል ብሎ ያሰበ ገልባጭ ጨምሮታል። በሌላ በኩል ግሪኩን ስንመለከት አጭሩ ንባብ ከረጅሙ ላይ መካከለኛዎቹ ቃላት ሲወጡ የሚቀረው ነው፤ «መንፈስ» ከሚለው ቃል በኋላ የገልባጩ ዓይን ጥቂት ቃላት ዘልሎ «የጌታ» ላይ ቢያርፍ፣ ሳይፈልግ «የጌታ መንፈስ» ብሎ ይጽፋል። ታሪኩን የጀመረው በቁጥር 26 የጌታ መልአክ ስለሆነ፣ መልአኩ በመጨረሻም መገኘቱ ከአጻጻፉ ጋር ይሄዳል። አብዛኞቹ ተርጓሚዎች በብራናዎቹ ዕድሜና ብዛት ተማምነው አጭሩን ይዘዋል። ረጅሙ ንባብ በአብዛኞቹ መጽሐፍ ቅዱሶች በግርጌ ማስታወሻ እንኳ አይገኝም፤ ስለዚህ ከቁጥር 37 ይልቅ ሚዛኑ የተቀራረበው ይህ ልዩነት በአንባቢው ዘንድ ከቶ ተነሥቶ አያውቅም።